ሻተሩ ክፍት ሆኖ ሲቆይ፦ የማታ ፎቶና በብርሃን መሳል፣ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የቸርችል ጎዳናን የማታ ፎቶ፣ ያ መኪኖቹ ጠፍተው መብራታቸው ብቻ ቀይና ነጭ መስመር ሆኖ የቀረበትን ካወጣን ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለሱ ናቸው። እንዴት ነው ሚነሳው፣ ስልክ ይበቃል ወይ፣ ቤት ውስጥ ይሞከራል ወይ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር እጃችን ላይ ባለው ዕቃ ዛሬ ማታ ሊጀመር የሚችል ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

*ሰላም ናችሁ። ስልኬ ናይት ሞድ አለው፣ ማታ ቆንጆ ያነሳል ግን የመኪና መብራት መስመር ሆኖ አልወጣልኝም፣ ከፎቅ ላይ ሆኜ ወደ መንገዱ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ መኪኖቹ ደብዘዝ ብለው ነው ሚወጡት። ካሜራ ልግዛ ማለት ነው? — ከሜክሲኮ*

ገና አትግዛ ወንድሜ። ናይት ሞድ ላይ ስልኩ ብዙ አጫጭር ፎቶ በተከታታይ ያነሳና አንዱን ባንዱ ላይ እያስተካከለ ይደርባቸዋል፣ ሲደርብ ደሞ የተንቀሳቀሰውን ነገር እንደ ስህተት ቆጥሮ ለማጥፋት ይሞክራል። አንተ ምትፈልገው ግን እሱኑ የተንቀሳቀሰውን ነው። ስለዚ ናይት ሞዱን ተወውና ካሜራው ውስጥ ፕሮ ወይም ማኑዋል የሚል ካለ ክፈት፣ አይኤስኦ የሚለውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ 50 ወይም 100 አድርግ፣ ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን በር፣ 1 ሰከንድ አድርገህ ጀምር። ስልኬ እስከ 10 ሰከንድ ይሄዳል ብለህ ቀጥታ 10 ብታደርገው መብራት ባለበት መንገድ ላይ ፎቶው ነጭ ብሎ ነው ሚወጣው፣ የስልክ ሌንስ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ኤፍ 1.8 አካባቢ ሆኖ የተሰራ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይጠብም። ካሜራ ላይ ኤፍ 11 ድረስ አጥብበህ 10 እና 15 ሰከንድ መቆየት ትችላለህ፣ ልዩነቱ እዚ ላይ ነው።

ግን መላ አለው። ጠቆር ያለ የፀሐይ መነፅር አምጣና አንዱን መስታወት ስልኩ ሌንስ ላይ አስጠግተህ ያዘው ወይም በፕላስተር ለጥፈው። የተለመደው ጠቆር ያለ መነፅር፣ ምድብ 3 የሚባለው፣ ከሚደርስበት ብርሃን ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ነው ሚያሳልፈው፣ ስለዚ 1 ሰከንድ ይበቃው የነበረ ፎቶ አሁን ከ6 እስከ 12 ሰከንድ ይፈልጋል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ሚኒባሱም ላዳውም ባሱም አልፎ መስመሩን አስምሮልህ ይሄዳል። ቀለሙ ትንሽ ቡናማ ወይ አረንጓዴ ቢመስል በኋላ ይስተካከላል። አይፎን ከሆነ የያዝከው ላይቭ ፎቶን አብርተህ አንሳ፣ ከዛ ፎቶውን ከፍተህ ሎንግ ኤክስፖዠር የሚለውን ምረጥ፣ ከመጫንህ በፊት ያለውን 1.5 ሰከንድና በኋላ ያለውን 1.5 ሰከንድ አዋህዶ ይሰጥሃል።

ስልኩን ግን በእጅህ እንዳትይዘው። ትራይፖድ ከሌለህ ምስር ወይም ሩዝ በከረጢት አድርገህ ግንቡ ላይ አስቀምጥና ስልኩን ከረጢቱ ላይ ወሸቅ አድርገው፣ አይነቃነቅም። ጣትህ ሲጫን ስለሚያነቃንቀው ደሞ ታይመር ተጠቀም።

ሌላው ሰዓት ነው፣ ብዙ ሰው እዚ ላይ ይሸወዳል። ጥሩው የማታ ፎቶ ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ መብራቶቹ ሲበሩ ያለው ነው፣ እና አውሮፓ ያሉ ሰዎች ቪዲዮ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረጋግተው ሲያነሱ አይታችሁ እንዳትዘናጉ፣ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ 9 ዲግሪ ላይ፣ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው ምትወርደው። አዲስ አበባ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 12፡50 ገደማ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፣ ከጠለቀች በኋላ ያ ሰማያዊ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ስለዚ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታህን ይዘህ፣ ስልኩን አደላድለህ፣ ሙከራውን ጨርሰህ መጠበቅ አለብህ።

ቦታ ከጠየቅከኝ ደግሞ አሁንም ቸርችል ነው ምልህ፣ ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል ወደ ለገሃር ቁልቁል ስታይ። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ከላይ ሆነህ ስታነሳ የሚወርዱት መኪኖች በቀኝህ ቀይ መስመር ይሰራሉ፣ የሚወጡት በግራህ ነጭ፣ መንገዱ ራሱ ሁለት ቀለም ይሆንልሃል። መስቀል አደባባይ ደሞ ደረጃው ላይ ሆነህ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር ጠብቅ፣ የመስኮቶቹ ብርሃን አንድ ወፍራም ሪባን ሆኖ አየር ላይ ይቀራል። ባቡሩ ወደ ፍሬምህ ሊገባ ሲል ሻተሩን ጫን፣ ገብቶ ከጫንክ ሪባኑ ከመሃል ነው ሚጀምረው።

*መብራት ሲጠፋ ከእህቴ ጋር ሳሎን ውስጥ በባትሪ ስማችንን አየር ላይ ለመጻፍ ሞከርን። የባሏ ካሜራ ነው፣ ቡልብ የሚል አለው። ፊደሉ ተገልብጦ ነው የወጣው፣ ደሞ ሁሉም ተያይዞ አይነበብም፣ እኔም እንደ መንፈስ ግማሽ ሆኜ ታየሁ። ምንድነው ያጠፋነው? — ከልደታ ኮንዶሚኒየም*

ምንም አላጠፋችሁም እህቴ፣ እንዲያውም ይሄን ጥያቄ ነው በጣም የወደድኩት፣ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ከማማረር ጨለማውን ለስራ ማዋል ማለት እንዲህ ነው። ከሶስቱ ችግር ሁለቱ፣ መያያዙና መንፈስ መምሰሉ፣ ከአንድ ነገር ነው ሚመጡት፣ እሱን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል። ሻተሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ የካሜራው ሴንሰር ዝናብ ላይ እንደተቀመጠ ባልዲ ነው፣ የደረሰውን ብርሃን ያጠራቅማል፣ ያጠራቀመውን መልሶ አያፈስም። ጨለማ ምንም አይጨምርበትም። ባትሪው አንድ ቦታ ላይ ለግማሽ ሰከንድ ከበራ ያ ቦታ ተመዝግቧል፣ ከዛ ባትሪው ቢሄድም ቢጠፋም ፎቶው ላይ ይቀራል። አንቺ ደሞ ብርሃን ካልነካሽ ከፊቱ ብትመላለሺም የለሽም። ስለዚ መንፈስ መስለሽ የታየሽው ባትሪው ራስሽን ስላበራሽ ነው፣ ወይ በቀጥታ ወይ ከነጩ ግድግዳ ተንፀባርቆ። ጥቁር ልብስ ልበሺ፣ እጅጌው ረጅም ይሁን፣ ባትሪው አፍ ላይ ጥቁር ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልለሽ ግጠሚለትና ብርሃኑ ወደ ካሜራው ብቻ እንዲሄድ አድርጊ፣ አንድ ቦታ ላይም ቆመሽ አትቆዪ።

መገልበጡ ያው ካሜራው ከፊትሽ ሆኖ ስለሚያይ ነው፣ ላንቺ ቀኝ የሆነው ለሱ ግራ ነው። ግልብጥ አድርጎ መጻፍ የሚለማመዱ አሉ፣ እኔ ግን አልመክርም፣ ዝም ብለሽ እንደለመድሽው ጻፊና በኋላ ፎቶውን በጎን ገልብጪው፣ ስልክ ላይም አለ። ብቻ ከኋላ ሌላ ጽሁፍ፣ ካላንደር ምናምን፣ እንዳይኖር፣ እሱ አብሮ ይገለበጣል።

የመያያዙ ነገር ደግሞ የኛ ፊደል ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ቪዲዮ ምታዩዋቸው ሰዎች ቅጥል ቅጥል አድርገው በአንድ መስመር ይጨርሱታል፣ የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆመው፣ ስለዚ አንዱን ጨርሰሽ ወደሚቀጥለው ስትሄጂ ብርሃኑ መጥፋት አለበት። የባትሪውን ማብሪያ ጠቅ ጠቅ ማድረግ እጅሽን ያነቃንቀዋል፣ በመዳፍሽ ወይም በጥቁር ካልሲ ሸፈን ገለጥ ብታደርጊው ይሻላል። ሀ፣ ለ፣ ሰ፣ በ እጅ ሳይነሳ ነው ሚጻፉት፣ እንደ ጨ እና ጸ ያሉት ግን በመሃልም ሸፈን ማድረግ ይፈልጋሉ፣ የካዕብና የሳልስ ቅጥያዎቹ ደሞ ትንንሽ ስለሆኑ ካላጋነንሻቸው ይጠፋሉ፣ ሰውነትሽን ሙሉ ተጠቅመሽ ፊደሉን ክንድሽን የሚያህል አድርገሽ ጻፊው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት አድርጊና አንዱን ስትጨርሺ ወደ ቀጣዩ ምልክት አንድ እርምጃ ሂጂ፣ አራት ፊደል ከሆነ አራት ምልክት። ያለዚያ በጨለማ ውስጥ የቱ ጋ እንደነበርሽ ጠፍቶሽ አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣል።

ቡልብ ላይ ሻተሩ ጣት እስካለበት ድረስ ክፍት ነው፣ አንዳችሁ ትይዛለች አንዳችሁ ትጽፋለች። በጣት መያዙ ካሜራውን ካነቃነቀው ቡልቡን ተዉትና 30 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ በታይመር አንሱ፣ ለአንድ ስም በቂ ነው። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 ይሁን፣ መስመሩ ከወፈረና ነጭ ብቻ ከሆነ ኤፍ 11 ወይም 16፣ ከቀጠነ ኤፍ 5.6። ፎከሱን ደሞ መጀመሪያ አንዷ ምልክቱ ላይ ቆማ ፊቷን በባትሪ አብርታ ካሜራው ይያዝ፣ ከያዘ በኋላ ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይሩት፣ አለበለዚያ በጨለማ ሲፈልግ ሲፈልግ ይኖራል። ቀለም ከፈለጋችሁ የከረሜላ ባለቀለም ልጣጭ ባትሪው ላይ በላስቲክ እሰሩ፣ ቀይና ሰማያዊው በጣም ያምራል።

ፊደሉ መሃል እህትሽ ተቀምጣ እንድትታይ ከተፈለገ ደግሞ ጽሁፉ ሲያልቅ ሻተሩ ሳይዘጋ ከጎን በኩል ፊቷን ለ1 ሰከንድ ያህል አብሪላት፣ እስክታበሪላት ድረስም ካበራሽላት በኋላም ንቅንቅ አትበል። ሻማ ለዚህ ያምራል፣ ግን ከመጋረጃና ከነጠላ ራቅ አድርጋችሁ።

*የኤልኢዲ ገመድ መርካቶ ገዝቼ በዱላ ላይ ጠምጥሜ ሳወዛውዘው መስመሩ ነጠብጣብ ሆኖ ነው ሚወጣው፣ በአይን ሲታይ ግን ቀጥ ያለ ብርሃን ነው። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ? — ከፒያሳ*

አልተበላሸም። ብርሃኑ በጣም በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይን አይይዘውም፣ ዱላው ሲንቀሳቀስ ግን እያንዳንዱ ብልጭታ የተለያየ ቦታ ላይ ያርፋል። የቤታችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከሶኬት በቀጥታ የሚሰራ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ዱላህን በሰከንድ 3 ሜትር ብታወዛውዘው በየ3 ሳንቲሜትሩ አንድ ነጥብ ማለት ነው። በባትሪ የሚሰራም ሆኖ ድምቀቱ በሪሞት የሚቀነስ ከሆነ ያው ነው፣ ብዙዎቹ ሚቀንሱት ቶሎ ቶሎ በማጥፋት ነው። ስለዚ በባትሪ የሚሰራ ፈልግና ድምቀቱን ሙሉ አድርገው፣ ከበዛብህ ስስ ወረቀት ሸፍንበት። ስትገዛም እዛው ሱቁ በር ላይ 1 ሰከንድ ሻተር አድርገህ እያወዛወዝክ አንሳው፣ መስመር ከሆነ ውሰድ። አንዳንድ መኪኖች የኋላ መብራት ላይም ይሄንኑ ነጠብጣብ ታያለህ። እኔ በበኩሌ ነጠብጣቡን እወደዋለሁ፣ ለጥልፍ ዓይነት ስዕል ሆን ብዬ ነው ምጠቀምበት።

*የጥንት ዜኒት-ኢ ካሜራ አለኝ፣ በወጣትነቴ ያነሳሁበት ነው። የልጅ ልጄ እናንተ ያወጣችሁትን ፎቶ አሳይቶኝ ይሄ በዲጂታል ብቻ ነው የሚሆነው ይለኛል። እውነት ነው? — ከአራት ኪሎ*

ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎን በፍቅር ያርሙት፣ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በእርስዎ ካሜራ ዘመንና ከዚያም እጅግ ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሚባሉ ባልና ሚስት ሠራተኞች እጅ ላይ ትንንሽ አምፖል እያሰሩ ሻተሩን ክፍት አድርገው እጃቸው የሚሄድበትን መስመር ያነሱ ነበር፣ አላስፈላጊ ድካም የቱ ጋ እንዳለ ለማጥናት። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ፎቶ አንሺው ጂዮን ሚሊ ደቡብ ፈረንሳይ ሄዶ ፒካሶን ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ባትሪ አየር ላይ ሲስል አንስቶታል፣ ሁሉም ያለ ዲጂታል ነው።

የእርስዎ ዜኒት-ኢ ላይ ያሉት ፍጥነቶች ከሰላሳኛ እስከ አምስት መቶኛ ሰከንድ ናቸው፣ ከነሱ ሌላ ቢ የምትል አለች፣ ቡልቧ እሷ ናት። የሻተሩ ቁልፍ መሃል ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ፣ እዚያ ላይ የምትጠመዘዝ የሻተር ገመድ ቢያገኙ፣ በተለይ ጫፏ ላይ መቆለፊያ ያላት፣ ጣትዎ ሳይደክም የፈለጉትን ያህል ያቆዩታል። ፊት ለፊት ያለው የብርሃን መለኪያ ያለ ባትሪ ድንጋይ በብርሃኑ ብቻ የሚሠራ ነው፣ ስለዚህ ማታ ምንም አያይልዎትም፣ እሱን አይመኑ። የልጅ ልጅዎ በዲጂታል መጀመሪያ አንድ ሙከራ ያንሳ፣ የእሱ አይኤስኦና ኤፍ ቁጥር ከእርስዎ ፊልምና ሌንስ ጋር አንድ ይሁን፣ ሰከንዱን ከሱ ይውሰዱ። ከዚያ ይጨምሩበት፣ ፊልም ብርሃኑ እያነሰ ጊዜው ሲረዝም እየሰነፈ ይሄዳል፣ ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ የሚባለው ፊልም ላይ 10 ሰከንድ የሚለው ስሌት በተግባር 20 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። አንድ ቦታ በ10፣ በ20 እና በ40 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያንሱ፣ አንዱ ጥሩ ይወጣል።

ለእርስዎ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልስጥዎት። ፓሪስ ውስጥ ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ያነሳው የመንገድ ፎቶ አለ፣ መንገዱ በሰውና በጋሪ የተሞላ ነበር፣ ፎቶው ግን ብዙ ደቂቃ ስለወሰደ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፍቶ መንገዱ ባዶ ሆነ፣ በግልጽ የቀረው ጫማውን እያስጠረገ የቆመ አንድ ሰው ነው፣ ስለቆመ ብቻ። ይህንን እኛ ጋ ያስቡት። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ሰልፈኛው ሳይንቀሳቀስ ቆሟል፣ ከፊቱ ደግሞ ሕዝቡ ይጎርፋል። 8 ሰከንድ ቢያነሱት ሰልፈኛው ከነፌስታሉ ከነቦርሳው ይታያል፣ የሚያልፈው ሕዝብ ጭጋግ ይሆናል። ሊስትሮው እጁ አይታይም፣ ጫማ ያስጠራጊው ግን ይታያል። ከመብራቱ መስመር ይልቅ እኔ ይህ ዓይነቱን ፎቶ እመርጣለሁ፣ የከተማችንን መጠበቅ ያሳያልና። ቀደም ብለው ይቅረቡና ሰላም ይበሏቸው፣ ማንሳትዎንም ይንገሯቸው፣ በዕድሜዎ እምቢ የሚልዎት ብዙ አይኖርም።

*ቲክቶክ ላይ የብረት ሱፍ አቀጣጥለው በገመድ ሲያዞሩ የእሳት ዝናብ ሚመስል ፎቶ አይቼ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ሰፈር ልንሞክር ነው፣ የሳህን ማጠቢያው ሽቦ ይሆናል? — ከካዛንቺስ*

አይሆንም፣ ተዉት። የሳህን ማጠቢያው ጥቅልል ሽቦ ባብዛኛው የማይዝግ ብረት ስለሆነ እንደዛ አይነድም፣ የሚነደው በጣም ቀጭኑ የብረት ሱፍ ነው፣ እሱን ብታገኙም ከተማ መሃል እንዳትሞክሩት እለምናችኋለሁ። የጋለው ብረት ብዙ ሜትር ርቆ ነው ሚያርፈው፣ አርፎም ወዲያው አይጠፋም። አጥር አለ፣ ሸራ አለ፣ የተጠራቀመ እንጨት አለ፣ የቆመ መኪና አለ። እንጦጦ እንሂድ ካላችሁ ደሞ ይብሳል፣ በጋ ላይ ያ ሁሉ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ስር ተነጥፏል።

እሳት ካማራችሁ የኛው ችቦ አለ እኮ! ነሐሴ 12 ማታ ለቡሄ ዋዜማ፣ እንደገና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በየሰፈሩ ችቦ ይበራል፣ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት፣ ቦታውም ተለይቶ። ካሜራውን አስቀምጣችሁ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ አድርጉና ችቦ የያዘው ልጅ እየዞረ ሲሄድ አንሱ፣ እሳቱ ወርቃማ መስመር ይሰራል፣ ዙሪያውን ቆመው የሚዘፍኑት ደሞ በእሳቱ ብርሃን ፊታቸው ይታያል። መስከረም 16 የደመራው እሳት ግን በጣም ትልቅና ደማቅ ስለሆነ ሰከንድ አታብዙ፣ ከ1 ሰከንድ ካለፈ ነበልባሉ ቅርጹን ያጣል፣ ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። የዛን ቀን መስቀል አደባባይ መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ ትራይፖድ ይዤ እገባለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ፣ የየሰፈሩን ደመራ ብታነሱ ይሻላል፣ ጠጋ ትላላችሁ፣ ሰዉንም ታውቁታላችሁ።

*ማታ ትራይፖድ ስዘረጋ ጥበቃዎች ይመጡብኛል፣ ምን ልበል? — ከስታዲየም*

ከመዘርጋትሽ በፊት አንቺ ሂጂባቸው። ሰላም ብለሽ፣ ምን እንደምታነሺ በስልክሽ የቀድሞ ፎቶሽን አሳይተሽ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ንገሪያቸው፣ እምቢ ካሉ አመስግነሽ ቦታ ቀይሪ፣ አትከራከሪ። ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕ፣ ኤምባሲ ያለበት አቅጣጫ ካሜራ አታዙሪ። ብቻሽን አትውጪ፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ቦርሳና ስልክ ይጠብቅ፣ አይንሽ ካሜራው ላይ ሲሆን ዙሪያሽን አታዪም። ሲመሽም ቶሎ ግቢ፣ ያ ሰማያዊ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሚጨመር ነገር ብዙም የለም።

*ካሜራዬ 30 ሰከንድ ካነሳ በኋላ ለሌላ 30 ሰከንድ ደርቆ ይቀራል፣ ምንም አይነካም። ተበላሽቶ ይሆን? — ከልደታ*

ደህና ነው። ረጅም ፎቶ ላይ ሴንሰሩ ሲሞቅ ትንንሽ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ይፈጠራሉ፣ ካሜራው እነሱን ለማጥፋት ሻተሩን ዘግቶ ለተመሳሳይ ጊዜ ጥቁር ፎቶ ያነሳና ነጥቦቹን ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሳል። ሎንግ ኤክስፖዠር ኖይዝ ሪዳክሽን የሚል ሜኑ ውስጥ ታገኘዋለህ። ለአንድ ለሁለት ፎቶ ይሁን ተወው፣ ሰማያዊው ሰዓት ላይ ግን አጥፋው፣ ያለህ 20 ደቂቃ ግማሹ በመጠበቅ ያልቃል። ባትሪህም ቶሎ ነው ሚጨርሰው፣ መለዋወጫ ያዝ።